ምስክር ያጣ ልብ

ኦሬል ፔራ ቁልቁለቱን የሚወርደው የባዚልን የእጅ አንጓ እንደያዘ ነው። በግራ እጁ አንጓውን፣ በቀኙ የኪስ ሰዓቱን ይዞ፣ ዓይኑን ከሰከንድ ቆጣሪዋ ሳይነቅል ሲሄድ፣ የቀለጠ በረዶ ባረጠበው ድንጋይ ላይ ሁለት ጊዜ ሊወድቅ ደርሶ ነበር።

“ልቀቀኝ እንጂ ዶክተር፤” አለ ባዚል። “መንገደኛ ቢያየን ሌባ ይዘህ ወደ ዳኛ የምትነዳ ነው የሚመስለው።”

“ዝም በል፣ ቆጠራውን አጠፋህብኝ።”

“ስንት ደረስክ?”

ኦሬል እንደገና ከአንድ ጀመረ። ትርታው ሦስት አራቴ ተከታትሎ ይሮጥና ድንገት ይጠፋል፤ ጠፋ ሲሉት አንዴ ጠንክሮ ይመታል፤ ከዚያ ደግሞ ውሻ እንደገባበት በግ መንጋ ይበታተናል። ትናንት ማታ የእንጨት ማዳመጫውን ደረቱ ላይ አድርጎ ሲቆጥር መቶ ሃምሳ አግኝቶ ነበር። በዚያው ደቂቃ አንጓው ላይ የደረሰው ግን መቶ አሥር ብቻ ነው። የቀረው አርባ ምት ልብ ላይ ተነሥቶ መንገድ ላይ ይቀራል።

“እንግዲያው ተወው። የማይቆጠር ነገር የሚቆጥር ሰው ማየት ያደክማል።”

ከኋላቸው በቅሎዋን የምትስበው ፐሮኒል ጮኸች። “አንተ ልጅ፣ በቅሎዋ ላይ ውጣ ብዬሃለሁ! ላብህን ተመልከተው። እኔ አሮጊቷ ካባ ደርቤ ብርድ ይገርፈኛል፤ አንተ በሸሚዝ ትቀልጣለህ።”

“እማዬ፣ ለወታደርነት ምርመራ በበቅሎ ተቀምጬ ብደርስ እኮ ፈረሰኛ ነው የሚያደርጉኝ።”

ፐሮኒል መሳቅ አልፈለገችም፤ ግን ሳቀች። ስትስቅ በጥቁር ከፋይ የጠቀለለችው ትልቅ እንቅርቷ አብሯት ተንቀጠቀጠ። የባዚል እናት ናት፤ ኦሬልንም ክርስትና ያነሣችው እሷ ናት። ቀሳውስቱ ለትምህርት ወደ ቶሪኖ ሲወስዱት እስከ ድልድዩ የሸኘችውም እሷ ነበረች። ያኔ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ፣ ሐኪም ሆኖ፣ የመንደሩን ሰው ንግግር በግማሽ ረስቶ ሲመለስ በዚያው ድልድይ ላይ የጠበቀችው እሷው ነች። “ከሳህ፤ አንገትህም እንደ ዝይ ሆኗል!” ብላ አልቅሳለት ነበር።

በቫርኔ ሸለቆ እንቅርት የሌለው አንገት ከሰው አይቆጠርም። ወንድ ልጅ ያላት ሴት ደግሞ እንቅርትን ትመኘዋለች። ከዳገቱ ሥር “የእናቶች ምንጭ” የሚሉት ውሃ አለ። ልጁ አሥራ ስድስት ሲሞላው እናቱ በየማለዳው ከዚያ ትቀዳለታለች፤ የወታደርነት ዕጣ የሚወጣበት ዓመት ሲደርስ የንጉሡ ደንብ ልብስ አንገትጌ አልገጥም እንዲለው። ፈረንሳዮች አገሩን ከገዙበት ዘመን ጀምሮ እንዲህ ሲደረግ ኖሯል። ውሃው በእርግጥ እንቅርት ያወጣ እንደሆነ ኦሬል እስከ ዛሬ አልቆረጠለትም፤ በአንዱ ላይ ይሠራል፣ በወንድሙ ላይ አይሠራም። እናቶቹ ግን ቆርጦላቸዋል። ፐሮኒል አምስት ዓመት ሙሉ ቀድታለች። ባለፈው ዓመት መርማሪዎቹ በባዚል አንገት ላይ የዝይ እንቁላል የሚያህል እብጠት ዳብሰው፣ ስቀው፣ “አይበቃም” ብለው ጽፈው ወደ ቤቱ ሰደዱት።

በዚያው መኸር ኦሬል አንድ ሣጥን መጽሐፍና ሦስት ጠርሙስ አዮዲን ይዞ መጣ።

“አንድ አንገት ብቻ ስጡኝ፤ ጠርጌ አሳያችኋለሁ” እያለ ቤት ለቤት ዞረ። ማንም አልሰጠው። የሰጠው ባዚል ነው። ምክንያቱም ዴልፊን ነበረች፤ ኢቭሬያ ከተማ ያለ የባርኔጣ ሠሪ ልጅ። አባቷ “እንቅርታም አማች ሱቄ በር ላይ ቆሞ ባርኔጣ ማን ይገዛኛል?” ብሎ ነበር። ወረቀቱስ? ከወታደርነት ነጻ ያወጣኝ ወረቀት ይነጠቅ ይሆን ብሎ ባዚል ሲጠይቅ ኦሬል ሳቀበት። “ንጉሥ የፈረመውን ማን ይነጥቅሃል?” አለው። በቀን ሠላሳ ጠብታ አዘዘለት። እብጠቱ መላላት ሲጀምር፣ ቶሎ ማየት ስለጓጓ፣ ስድሳ አደረገው።

እንቅርቱ በሁለት ወር እንደ ሻማ ቀለጠ። መንደሩ እየተሰለፈ መጥቶ ባዶውን አንገት ዳበሰ። ከዚያ ባዚል የአራት ሰው የበቆሎ ገንፎ እየበላ መክሳት ጀመረ። እጁ እየተንቀጠቀጠ ላም ማለብ አቃተው። ዓይኑ የደነገጠ ሰው ዓይን መሰለ። አንድ ቀን ድርቆሽ ተሸክሞ ሲወጣ ደረቱን ይዞ ተቀመጠና “እዚህ ውስጥ እርግብ ገብታለች” አለ። ኦሬል ያን ሌሊት አንድ የጄኔቫ ሐኪም ስለ አዮዲን የጻፈውን መጽሐፍ እንደገና ገለጠ። ከዚህ ቀደም የዘለላት ገጽ እዚያው ነበረች፤ መድኃኒቱ ሲበዛ የሚያከሳቸው፣ ልባቸው የሚናጥ ሰዎች እንዳሉ ትናገራለች። አንገትንና ልብን ምን ክር እንዳያያዛቸው ግን አትናገርም። ጠርሙሱን ከደነው። ሦስት ሳምንት ሆነው፤ ልቡ ግን የጠርሙሱን መከደን አልሰማም።

“ሌላው ሰው በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይጨመርበታል፤” ይል ነበር ባዚል፣ “እኔ እንቅርቴን ሸጬ የልብ በሽታ ገዛሁ።”

ማንም የማያውቀው ሌላ ነገር ነበር። በየካቲት፣ አንገቱ ቀልጦ ልቡ ገና ሳይረበሽ፣ ኦሬል ቶሪኖ ላለው የሊቃውንት ማኅበር አሥራ ሁለት ገጽ ደብዳቤ ጽፎ ነበር። ምንጩን፣ እናቶቹን፣ በአምስት ዓመት ውስጥ “አይበቃም” የተባሉትን ሃያ ልጆች፣ በመጨረሻም ያዳነውን የአንዱን አንገት ዘርዝሮ። በሚያዝያ የንጉሡ ጦር ከጄኖቫ ወደብ ተነሥቶ ወደ ክሪሚያ ዘመተ። በግንቦት “የቫርኔ ነጻ ወረቀቶች ይመርመሩ፤ መጀመሪያ ባዚል ይቅረብ” የሚል ትእዛዝ መጣ። ኦሬል ነገሩ የአጋጣሚ ነው ብሎ ለማመን ይታገል ነበር።

አሁን የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነው። ይህ ሰው ወታደር ከሆነ ጄኖቫ አይደርስም። ሠላሳ ኪሎ ተሸክሞ የኢቭሬያን መንገድ ግማሽ ሳይሄድ ይወድቃል። መርማሪው ጆሮውን አንዴ ደረቱ ላይ ቢያሳርፍ ይበቃል፤ ሐኪም እስከሆነ ድረስ ይሰማዋል።

*

አኦስታ ከተማ ውስጥ ምርመራው የሚካሄደው በአሮጌ ገዳም አዳራሽ ነበር። ፐሮኒል መተላለፊያው ላይ ቀረች። ኦሬል የወረዳ ሐኪም ስለሆነ አብሮ እንዲገባ ተፈቀደለት።

ሻለቃ ቦቲኖ ሠላሳ ዓመት በጦር ሐኪምነት የኖሩ፣ ሽበታቸው በደንብ የተበጠረ፣ ድምፃቸው የማይጮህ ሰው ናቸው። ኦሬል ጨካኝ ሰው ጠብቆ ነበር። ጨካኝ አለመሆናቸው አስፈራው።

“ቁመት ይበቃል፤” አሉ ራቁቱን የቆመውን ባዚል እየዞሩ። አንገቱን ዳበሱት፤ ወረቀታቸውን አዩ፤ እንደገና ዳበሱት። “እዚህ የነበረው ሰውዬ የት ሄደ?”

“ዶክተሩ ወሰደው፣ ጌታዬ።”

“አልመልስም አለህ?”

ጸሐፊዎቹ ሳቁ። ባዚልም አብሯቸው ሳቀ።

“ጌታዬ ሻለቃ፣” አለ ኦሬል፣ “አንገቱን ይተዉት። ልቡን ያዳምጡልኝ።”

ሻለቃው መነጽራቸውን አወለቁና ጆሯቸውን ደረቱ ላይ ለጥፈው ረጅም ጊዜ ቆዩ። ኦሬል ፊታቸውን ሲያይ፣ ቅንድባቸው ከፍ ሲል፣ ከንፈራቸው መቁጠር ጀምሮ ሲያቆም፣ እፎይ አለ።

“እውነት ነው፤” አሉ ቀና ብለው። “ዝብርቅርቁ የወጣ ነው። ሂድ ልጄ፣ ልብስህን ልበስ።” ባዚል ወደ ጎን ክፍል እስኪገባና በሩ እስኪዘጋ ጠበቁ። “ትንባሆ ስንት ዋጠ?”

“ምን አሉ?”

“ዶክተር ፔራ፣ እኔ ዘንድ የሚመጣ ልብ ሁሉ ያነክሳል። ልባቸው እንዲዛባ ትንባሆ ውጠው ነው የሚመጡት።”

“ይህ ትንባሆ አይደለም። አዮዲን ነው። እኔ ነኝ የሰጠሁት፤ አብዝቼ ሰጠሁት። ጀርመኖች የጻፉት አለ፤ አንገት ሲያብጥ፣ ዓይን ሲፈጥ፣ ልብ ሲናጥ አንድ ላይ የሚመጣ በሽታ…”

“ጽሑፍ ይወዳሉ።” ሻለቃው ከመዝገቡ ሥር አንድ ወረቀት አወጡ። የጸሐፊ ግልባጭ ነው፤ ግን ኦሬል ከመጀመሪያው መስመር ለየው። “ይቺን ልብ ብለው ያድምጡልኝ። ‘የዚህ ሸለቆ ሕዝብ ገላውን የማታለያ መሣሪያ ማድረግን ከእናት ጡት ጋር ይጠባል፤ ስለዚህ ከዚህ ሕዝብ የሚመጣ ሕመም ሁሉ አስቀድሞ በጥርጣሬ ሊታይ ይገባል።’ የማን ቃል ናት?”

ኦሬል ያቺን ዓረፍተ ነገር ሲጽፍ የነበረበትን ማታ አስታወሰ። ሦስት ጊዜ ነበር ያሳመራት።

“የኔ ናት።”

“ታምራለች። ሠላሳ ዓመት ሳስባት የኖርኳትን ነው የጻፉልኝ።” ወረቀቱን መለሱት። “እኔ ግን ፍትሕ እወዳለሁ። ልጁ እስከ ነገ ጠዋት ዘብ ክፍል ይተኛ፤ ወተትና ዳቦ ይሰጠው። ትንባሆ ከሆነ ነገ ይጠራል። በሽታ ከሆነ ነገም ያነክሳል።”

“ጌታዬ፣ ይህ በሽታ ይመጣል፣ ይሄዳል። ሲያርፍ ለሰዓታት ሊረጋ ይችላል፤ ከዚያ ደግሞ ይነሣል።”

“አመቺ በሽታ ነው፤” አሉ ሻለቃው።

*

በማግስቱ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ዘቡ ሁለቱንም አስገባቸው፤ ፐሮኒልን ቁርስ ይዛ፣ ኦሬልን የእንጨት ማዳመጫውን ይዞ። ባዚል የሣር ፍራሹ ላይ ተቀምጦ ፀጉሩን በጣቱ ያበጥራል። ፊቱ ደም መልሷል።

“እንደ ሕፃን ተኛሁ!” አላቸው። “እርግቧ ወጥታ ሄዳለች። ስማ እስቲ።”

ኦሬል ተንበረከከና ቱቦውን ደረቱ ላይ አድርጎ አዳመጠ። አንድ፣ ሁለት። አንድ፣ ሁለት። ትንሽ ይፈጥናል፤ ግን እንደ ወፍጮ ቤት መዘውር የተስተካከለ ነው። ቆየ። ወደ ጎን አዞረው፤ እንደገና አዳመጠ። አንድ፣ ሁለት። ዘጠኝ ዓመት ሰው ለማዳን የተማረው ሰው ዓይኑን ጨፍኖ፣ ያ ልብ እንዲያነክስ ጸለየ። አላነከሰም።

“ምነው?” አለች ፐሮኒል።

“ረግቷል።”

“ተመስገን አምላኬ!” ብላ አማተበች። እጇ ገና ከትከሻዋ ሳይደርስ የኦሬልን ፊት አየች። “እና… ረጋ ማለት… ይወስዱታል?”

“አዎ።”

“ግን ታሟል ብለኸኛል።”

“ታሟል፣ እማማ። ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ይነሣበታል። ሸክም ሲሸከም ይነሣበታል።”

“ዛሬስ?”

ኦሬል ቱቦውን ወደ ኪሱ መለሰ።

ፐሮኒል ወደ ዘቡ ጀርባዋን ሰጠች። ከካባዋ ሥር፣ ከጡቷ መካከል፣ በጨርቅ የተቋጠረች ነገር አወጣች። ኦሬል ሳይፈታ አወቃት። ጣት የምታህል፣ በማር የታሸች የፒፓ ትንባሆ ናት። ወደ ምርመራ ልጇን የምትሸኝ የቫርኔ እናት ያለሷ ከቤቷ አትወጣም፤ ፐሮኒልም ልጅን ከዘመቻ ማዳን የተማረችው በዚህች ነው።

“እማዬ፣” አለ ባዚል ቀስ ብሎ፣ “እኔ እኮ የእውነት ነው የታመምኩት።”

“እውነትህን ማን አመነህ? ዋጥ።”

ባዚል ወደ ኦሬል ተመለከተ። ፈቃድ ነው የሚጠይቀው፤ ታካሚ ሐኪሙን እንደሚጠይቅ። ኦሬል አይሆንም ለማለት አፉን ከፈተ። ትንባሆው በግማሽ ሰዓት ውስጥ ልቡን እንደሚያስነሣው ያውቃል። ሊያስይዘው እንደሚችልም ያውቃል። ሁለቱን ሲመዝን፣ አንዱን ሲያነሣ ሌላውን ሲጥል፣ ዓይኑ በመስኮቱ ፍርግርግ በኩል ወደ ግቢው ሄደ፤ እዚያ ወታደሮች ሻንጣ ይጭናሉ። ስንት ሻንጣ እንደሆነ ቆጠረ። አሥራ አራት። ፊቱን ሲመልስ ባዚል በወተቱ እያወራረደው ነበር።

*

አዳራሹ ውስጥ ሻለቃ ቦቲኖ ጆሯቸውን እንደገና ደረቱ ላይ አሳረፉ። ማዳመጥም አላስፈለጋቸውም፤ የአንገቱ ሥር ከሩቅ ሲዘል ይታያል። ባዚል እንደ አመድ ገርጥቶ፣ ላቡ ከአገጩ እየተንጠባጠበ፣ ቀጥ ብሎ ለመቆም ይታገላል።

“ያነክሳል፤” አሉ ሻለቃው ቀስ ብለው። ወደ ኦሬል ሲዞሩ ፊታቸው ላይ ጥርጣሬ ሳይሆን ሌላ ነገር ነበር፤ ስሕተቱን ለማመን የተዘጋጀ ሰው ፊት። “ሌሊቱን ዘብ ቆሞበታል። ዶክተር፣ ምናልባት እርስዎ…”

ባዚል አጎነበሰና አስመለሰ።

ወተቱ የሻለቃው ጫማ ላይ ፈሰሰ። በነጩ መካከል ቡናማው ቅጠል ተበትኖ ታየ፤ የማሩና የትንባሆው ሽታ አዳራሹን ሞላው። ከጸሐፊዎቹ አንዱ ፊቱን አዞረ። ማንም አልሳቀም።

“አዝናለሁ፤” አሉ ሻለቃው። የምር አዝነው ነበር።

“ጌታዬ፣ ትናንት ያለ ትንባሆ ነበር ያነከሰው! ትናንት የሰሙት እውነተኛው ነው። ዛሬ ተስፋ ቆርጠው ነው…”

“ትናንትም ነበረ ማለት ነው።”

“አልነበረም! በሙያዬ እምላለሁ።”

“በየትኛው ሙያ? እንዳላምናቸው በጻፉልኝ ነው ወይስ እንዳምናቸው በሚለምኑኝ?” ሻለቃው ተቀምጠው ብዕራቸውን ነከሩ። “ይበቃል። ስለ ማታለሉ ደግሞ ወደ ቅጣት ጓድ ይገባል። የዛሬው ሰልፍ በስድስት ሰዓት ወደ ኢቭሬያ ይነሣል፤ አብሮ ይሂድ።”

“ይህ ሰው ጄኖቫ አይደርስም።”

“ሁሉም ሲነሡ እንደዚያ ይባላል።” አሸዋ ነስንሰው ቀለሙን አደረቁና ሌላ ወረቀት ገፉለት። “ይህ የቀሩት አሥራ ዘጠኝ ልጆች መጥሪያ ነው። እንደ ወረዳው ሐኪምነትዎ ለመንደሩ ሹም ያደርሱልኛል።”

ባዚል አፉን በእጁ ጠርጎ “የጌታዬን ጫማ ልጥረግ?” አለ። “ተወው፣ ልጄ” አሉት።

*

የገዳሙ በር ላይ ፐሮኒል ቋጠሮዋን እየፈታች እንደገና ታስራለች። አጃ ዳቦ፣ አንድ ቁራጭ አይብ፣ የባዚል የሱፍ ካልሲ። ሰልፉ ግቢ ውስጥ ሲደረደር ይሰማል።

“እኔ ነኝ፤” አለች ኦሬል ሲቀርባት፣ ቀና ሳትል። “በገዛ እጄ። ልጄን በገዛ እጄ አጉርሼ ገደልኩት። ዝም ብል እኮ ምናልባት ያምኑህ ነበር።”

ኦሬል አጠገቧ ተቀመጠ። ዝም ቢል እንዲህ ብላ እያመነች እንደምትሞት ገባው።

“በእርስዎ አይደለም፣ እማማ።”

“ታዲያ በማን ነው? በምንጩ?”

ነገራት። አሥራ ሁለቱን ገጽ፣ ሃያውን ልጆች፣ ሻለቃው ያነበቧትን ዓረፍተ ነገር፣ እንዳለች። ስድሳውን ጠብታ። ዘብ ክፍል ውስጥ አይሆንም ማለት ሲገባው ሻንጣ መቁጠሩን። ሲናገር ድምፁ እንደ ክስ አንባቢ ቀዝቃዛ ነበር፤ ሌላ ድምፅ ቢፈልግም አላገኘም። ስታለቅስ፣ ስትራገም፣ ፊቱን ስትቧጥጠው ጠበቀ። ተመኘው ማለት ይሻላል።

ፐሮኒል የካልሲውን ጫፍ አስተካክላ ዳቦው ላይ አደረገችውና ቋጠሮውን ጠበቅ አድርጋ አሰረች።

“ባዚል ያውቃል?”

“አያውቅም። አሁን እነግረዋለሁ። ሳይሄድ ማወቅ አለበት።”

“እንዳይነግሩት፣ ዶክተር።”

ስለምን እንደደነገጠ ለመረዳት ጊዜ ወሰደበት። ከተወለደ ጀምሮ ጠርታው በማታውቀው አጠራር ነበር የጠራችው።

“መንገዱ ረጅም ነው፤” አለች። “እየሄደ የሚያስበው አንድ ደግ ሰው ያስፈልገዋል። ያ ሰው ለሱ እርስዎ ነዎት።”

“እማማ…”

“በቅሎዋን ወደ ቤት ይውሰዷት። እኔ እስከቻልኩበት አብሬው እሄዳለሁ።”

ከበሮው ተመታ። ሰልፉ አራት አራት እየሆነ በበሩ ወጣ፤ የቅጣት ጓዱ ሰዎች መጨረሻ ላይ ናቸው፤ ጠመንጃ አልተሰጣቸውም፣ ሻንጣ ግን ተጭኖባቸዋል። ባዚል የግራ መጨረሻ ላይ ነበር። ትልቁ ካፖርት ላዩ ላይ ተንዠርግጓል፤ አንገትጌው ግን ባዶው አንገቱ ላይ ልክ ገብቷል። ኦሬልን ሲያይ ፊቱ በራ።

“ዶክተር!” ብሎ ጮኸ። “ዴልፊንን ካገኘሃት ባዚል አንገቱን አሳምሮ በከተማሽ አለፈ በልልኝ! ስለ ሁሉም አመሰግንሃለሁ!”

ሳጅኑ ዝም በል አለው። ባዚል ዝም ከማለቱ በፊት አንድ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ በጣቶቹ የእርግብ ክንፍ ሠራና ሳቀ። ፐሮኒል ቋጠሮዋን ታቅፋ ከመጨረሻው ረድፍ ኋላ ገባች፤ ዞር ብላ አላየችም።

ኦሬል እጁን አነሣ። ሳቅ የሚመስል ነገር ፊቱ ላይ አድርጎ፣ ሰልፉ በመታጠፊያው እስኪሰወር ድረስ፣ እንደ ደግ ሰው እጁን እያወዛወዘ ቆመ።